ስንጥቅ ከሥር ይነሳል

አዲስ አበባ ውስጥ «ጀሶ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶ ይታሰርለታል። ቤት የሚሠራ ሰው ለኮርኒሱ ጀሶ ይገዛል። ከዓመታት በፊት ደግሞ ቃሉ ማዕድ ቤት ገብቶ ነበር፤ ከጤፍ ጋር ጀሶ ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ ተያዙ የተባሉ ሰዎች ዜና ከተማዋን ሲያነጋግር፣ ጀሶ የማጭበርበር ሌላ ስም ሆኖ ሰነበተ። አጥንት የሚያቃናውም፣ ኮርኒስ የሚያሳምረውም፣ እንጀራ የሚያበላሸውም ያው አንድ ነጭ ዱቄት ነው።

በቤት ማስዋብ ሙያ ዘንድ ግን ጀሶ ሌላ ወግ አለው። ቁም ሣጥን፣ የመስታወት ጠርዝ፣ የግድግዳ ጌጥ በጀሶ ይለበጣል፣ ይቀረጻል፤ ከዚያም የላዩ ቀለም ሆን ተብሎ እንዲሰነጣጠቅ ይደረጋል። ትናንት ከአናጺ እጅ የወጣ ሣጥን የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ መስሎ ሳሎን ይገባል። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለስንጥቁ ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ፣ በነባር የጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም። እሱ ቤት ስንጥቅ በነጻ ነው። ከበሩ መቃን ተነስቶ እስከ ኮርኒሱ ይወጣል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ይሰፋል፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይደፈናል፤ በዓሉ ሳያልፍ ተመልሶ ብቅ ይላል።

እነዚህን ሁለት ስንጥቆች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ቀለም ቀቢና ሥዕል አዳሽ ለዘመናት የሚያውቀው፣ ከተማ የሚያስተዳድር ሰው ግን ደጋግሞ የሚረሳው ሕግ አለ። ስንጥቅ የሚታየው ከላይ ነው፤ የሚነሳው ግን ከሥር ነው።

ከዓባይ ሸለቆ የወጣ ድንጋይ

ጀሶ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጣሊያኖች ከላቲን ወረሱት፤ ላቲን ደግሞ «ጂፕሶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወሰደው። ያው ቃል በሌላ መንገድ ዞሮ፣ በእንግሊዝኛ በኩል፣ «ጂፕሰም» ሆኖ ወደ አማርኛ ገባ። ስለዚህ አንዱ ግንበኛ «ጀሶ አምጣ»፣ ሌላው «ጂፕሰም አምጣ» ሲል የሚጠሩት አንድ አያት ያላቸውን ሁለት የልጅ ልጆች ነው። ኮርኒስ፣ ስቱኮ፣ ኮላ፣ ሞራሌም እንዲሁ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። የአዲስ አበባ ቤት በአማርኛ ይመረቃል እንጂ ጥሩ አድርጎ የሚሠራው በጣሊያንኛ ነው።

ድንጋዩ ራሱ ግን የአገር ቤት ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ገደል ውስጥ ሰፊ የጂፕሰም ንጣፍ አለ፤ የመሬት ተመራማሪዎችም ንጣፉን በዚያችው ከተማ ስም ይጠሩታል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ አሁን ደጋ የሆነው አገር ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን፣ ውሃው እየተነነ የተወው ዝቃጭ ነው።

ይህ ድንጋይ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ በውስጡ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛው ይተናል። ሲፈጭ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። ሐኪምና የኮርኒስ ሠራተኛ የሚፈልጉት ይህን ጠባዩን ነው።

ሠዓሊና ዕቃ አስጌጭ የሚፈልጉት ሌላ ነው። እነሱ ዱቄቱን በብዙ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ የመጠጠር ኃይሉን ይገድሉታል። ከዚያ ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ለውሰው እንጨት ላይ በስሱ፣ ደጋግመው፣ ይቀቡታል። በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስለ ሥዕል ሙያ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ አሠራሩን በዝርዝር አስቀምጦታል። መጀመሪያ ሻካራው ጀሶ ይቀባል። በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ወር ያህል በየቀኑ እየተማሰለ ውሃ ውስጥ የቆየው ልስልሱ ይከተላል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ጀማሪ ሳይማር የማያልፈው አንድ ደንብ አለ። የላይኛው ንብርብር ከታችኛው መጠንከር የለበትም። ከጠነከረ፣ ሲደርቅ የታችኛውን ይስበዋል፤ ሲስበው ወይ ይሰነጠቃል ወይ ተላቆ ይወድቃል። ይህን ደንብ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ከሥዕል ሰሌዳ ወጥቶ ከተማ ድረስ ይከተለናል።

የፍሬ ጽዮን ነጭ መሠረት

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታላቅ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ንጉሥ የእመቤታችን ሥዕል በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲከበር ሥርዓት ሠሩ። ሥርዓቱ ሠዓሊ ጠየቀ፤ ሠዓሊውም ሰሌዳ ጠየቀ። በዚያ ዘመን ከሠሩት መካከል ስሙ ደምቆ የቀረው መነኩሴው ፍሬ ጽዮን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይገኛል። እንጨቱ ተጠርቦ ይለሰልሳል፤ በጀሶ ይለበጣል፤ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ነጭ መሠረት ላይ ነው። የድንግል ማርያም ሰማያዊ መጎናጸፊያ እስከ ዛሬ የሚያበራው ከሥሩ ነጩ ስላለ ጭምር ነው።

ከእሱ በኋላ የመጣው የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ነው። ኢትዮጵያውያን መርቆሬዎስ ብለው ስም አወጡለት። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አገሩን ሲጎበኝ ይህ ሠዓሊ በኢትዮጵያ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ፣ አርጅቶ፣ ተከብሮ አግኝቶታል። ጀሶ የሚባለው ቃል አማርኛ ውስጥ ሥር ከመስደዱ አስቀድሞ የጀሶ አገር ሰው እጁን ይዞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። የመጣው ግን ሙያው ወዳለበት አገር ነው። ፍሬ ጽዮን ቀድሞታል።

እነዚህ ሰሌዳዎች ዛሬ ተሰነጣጥቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ይሸበሸባል። ጀሶ እንደ እንጨቱ አይለጠጥም። ስድስት መቶ ክረምት እንዲህ ሲጎተት የኖረ ጀሶ የእንጨቱን የሥር መስመር ተከትሎ ይሰነጠቃል። ሥዕል አዳሽ ባለሙያ ስንጥቁን እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። ቀጥ ብሎ የወረደው የእንጨቱ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው አንድ ቀን የደረሰ ምት ነው። ተነስቶ የተላጠው ውሃ የገባበት ነው። ስንጥቁን አይቶ ወዲያው ቀለም የሚያነሳ ሰው አዳሽ አይባልም፤ አዳሽ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደገባ ይጠይቃል።

የሚሸጥ እርጅና

ስንጥቅን ወደ ጌጥ የለወጡት ቻይናውያን ናቸው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት (960–1279 እ.ኤ.አ.) የሸክላ ሠሪዎች በዕቃው ገላ ላይ የሚቀባው ብርጭቆ መሰል ልባስ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው ይልቅ እንደሚሸበሸብ አስተዋሉ። ልባሱ ተሰነጣጠቀ፤ መልኩን ወደዱት። ስንጥቁን በጥቁርና በቡናማ ቀለም ነክረው «የወርቅ ክርና የብረት ሽቦ» የሚል ስም የወጣለትን ሸክላ ሠሩ። በዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ዕቃው አዲስ ነው፤ አዲስ መሆኑን አይደብቅም፤ ስንጥቁ የራሱ የገላው ነው።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ያረጀ ሥዕልና ያረጀ የቤት ዕቃ ዋጋው እየናረ ሲሄድ፣ አዲሱን የሚያስረጅ ብልሃት ተፈለገ። አሠራሩ ቀላል ነው። በደረቀ ቀለም ላይ የሙጫ ውሃ ይቀባል። ሙጫው ሊደርቅ ሲል በላዩ ሌላ ቀለም በአንድ እጅ ይሳባል። የላይኛው ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ከሥሩ ያለው ሙጫ ደግሞ አጥብቆ ስለማይዘው ይለያያል፤ በመሀሉም የታችኛው ቀለም ብቅ ይላል። ረቀቅ ያለ ሥራ የሚፈልግ ሰው በዘገምተኛ የዘይት ቫርኒሽ ላይ ቶሎ የሚደርቅ የግራር ሙጫ ይቀባና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያገኛል። በስንጥቁ ውስጥ ጠቆር ያለ ቀለም አሽቶ ይጠርገዋል። የዘመን እድፍ ተገኘ ማለት ነው።

የግራር ሙጫ ከኢትዮጵያ ቆላ እየተለቀመ ወደ ውጭ ከሚላኩት ምርቶች አንዱ ነው። ጥሬው በኩንታል ይሄዳል፤ በብልቃጥ የታሸገው ማስረጃ ቫርኒሽ የሚሸጠው በሌላ አገር ሱቅ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

የዚህ ብልሃት ዝነኛው ሌባ ሆላንዳዊው ሃን ቫን ሜጌረን ነው። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ታላቅ ሠዓሊ ቨርሜርን እያስመሰለ ሣለ። በ1937 እ.ኤ.አ. የሮተርዳም ሙዚየም አንዱን ሥዕሉን እንደ እውነተኛ ቨርሜር ተቀበለ፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ሌላው የናዚው ሄርማን ጎሪንግ እጅ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ቅርስ ለጠላት ሸጥክ ተብሎ ሲከሰስ፣ ራሱን ያዳነው «የሸጥኩት ቅርስ የእጄ ሥራ ነው» ብሎ በማመን ነው።

ባለሙያዎቹን ያታለለው እንዴት ነው? ቫን ሜጌረን ስንጥቅ ከሥር እንደሚነሳ ያውቅ ነበር። በላይ ብቻ የተሠራ ስንጥቅ በአጉሊ መነጽር እንደሚጋለጥ ያውቃል። ስለዚህ እውነተኛ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሸራ እየገዛ የላዩን ሥዕል ፋቀ፤ የተሰነጠቀውን መሠረት ግን ሳይነካ ተወው። በዚያ ላይ ሣለ፣ በምድጃ አደረቀ፣ ሸራውን ጠቀለለ። የድሮው ስንጥቅ በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ወጣ። ሌባው እንኳ ለመሠረት ክብር ነበረው።

ጠመንጃ ያዥ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን ሰፈር ነበረች። መኳንንቱ በየጉብታው ድንኳን ተከሉ፤ ሠራዊቱና ባለሙያው በየአለቃው ዙሪያ ሰፈረ። ስሞቹ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያው ነው። ሰንጋ ተራ የከብት ገበያው ነው። ጠመንጃ ያዥም ስሙ ራሱ ይናገራል።

ድንኳኑ ወደ ቤት የተለወጠው በባሕር ዛፍ ነው። ዐፄ ምኒልክ ያስመጡት ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያድግ አጣና ሰጠ። አጣናው ቁመቱን ያዘ፣ ማገሩ አግድም ታሰረ፣ መሀሉ በጭቃ ተመረገ። ጭቃው ዝም ብሎ አፈርና ውሃ አይደለም። ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ለቀናት ይከደናል፤ በእግር ይረገጣል፤ እንደገና ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት አስሮ ይይዘዋል። ጭድ የጎደለው ምርጊት በሳምንቱ ይፈነጣጠቃል። ከምርጊቱ በኋላ ልስኑ፣ ከልስኑ በኋላ ኖራው ይከተላል። ሻካራው ከሥር፣ ልስልሱ ከላይ፤ ቼኒኖ ቼኒኒ ቢያየው የራሱን ደንብ ባወቀ።

ወደ ላይ ቀና ሲሉ ደግሞ ኮርኒሱ አለ። የደህና ሰው ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። የድሃው በኋላ ማዳበሪያ ሆነ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይተረተራል፣ ይሰፋል፣ በሞራሌ ላይ ተወጥሮ በሚስማር ይመታል፤ ከዚያ ጀሶ በኮላ ተበጥብጦ ይቀባበታል። ሲደርቅ ነጭ፣ ውጥር ያለ፣ የሚያምር ይሆናል። የተወጠረ ጨርቅ፣ ሙጫ፣ ነጭ ዱቄት፤ ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ሠዓሊ ሸራውን የሚያዘጋጅበት አሠራር ነው። የልደታ እናቶች ለበዓል ኮርኒስ ሲያስቀቡ ሳያውቁት የፍሬ ጽዮንን ሙያ ያስቀጥሉ ነበር።

ይህ ኮርኒስም ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ሲያፈስ፣ አይጥ ሲሮጥበት፣ ነፋስ ሲነፋው ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፤ ጀሶው አብሮ መንቀሳቀስ አይችልም። አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ የዝናብ ቢጫ ካርታና የስንጥቅ ወንዞችን ሲቆጥር ያላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው።

አዋጁና ግድግዳው

የጭቃ ቤት በየጊዜው የሚጠገን ቤት ነው። በየዓመቱ የሚለሰን፣ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ የሚመረግ የጭቃ ቤት ብዙ ትውልድ ያኖራል። ካልተጠገነ ግን ቶሎ ያረጃል። ታዲያ የአዲስ አበባ ነባር ቤቶች ለምን ሳይጠገኑ ኖሩ?

መልሱ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች። ኪራይ ተቀነሰ። ለተከራዩ ድሃ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ቀበሌ ቤት ባይኖር ኖሮ መሀል ከተማ ውስጥ ልጆቿን ማሳደግ የማትችል እናት ብዙ ነበረች።

ግን የግድግዳው ባለቤት ማን ሆነ? የቀድሞው አከራይ ተነጥቋል። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ያነሰበትም ጊዜ ስለነበር፣ ለጥገና አይበቃም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ላልሆነ ቤት፣ ነገ ሊነሳበት በሚችል ቦታ ላይ፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ፣ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈራዋል። ሦስት ሰው የነበረው ግድግዳ ማንም የሌለው ሆነ። ሥርዓት ተለወጠ፤ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፤ የቀበሌው ቤት የባለቤትነት ጥያቄ ግን እዚያው ቀረ። ጠመንጃ ያዥን በመሰለ ሰፈር ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ የጭቃ ድክመት ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላነበበው ግን የአንድ አዋጅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው።

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ

የጭቃ ግድግዳ የፈነጣጠቀበት ሰው አቅሙ ሲፈቅድ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሲሚንቶ ይለስንበታል። ለአንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ከጭቃው ይለያል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ቀን በቁራጭ ይወድቃል። ጠንካራው በደካማው ላይ ተጭኗል። እርጥበቱም መውጫ አጥቶ ውስጡን አበስብሶታል።

ይህ የድሃ ሰው ስሕተት ብቻ አይደለም። በጎንደር፣ በፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በኖራ የተገነቡት ቤተ መንግሥቶች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። ያ ጥገና ቅርሱን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በመጡ ባለሙያዎች እየተነሳ በኖራ ተተካ። ፍቅርም ጉልበትም ያለው ጠጋኝ የሥሩን ጠባይ ካላወቀ ያፈርሳል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ፊቷን እየለወጠች ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ ሕንፃዎቹ በአዲስ ቀለም ደምቀዋል። እንደ ፒያሳ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። ልደታ ይህን ቀድማ አይታዋለች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመሀል ከተማ መልሶ ማልማት በሰፊው ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ነች።

በዚህ ላይ ሁለት ቀላል አቋሞች አሉ፤ ሁለቱም አይበቁም። አንደኛው የፈረሰውን ሁሉ ቅርስ ነበር እያለ ያለቅሳል። ክረምት በገባ ቁጥር ሳፋና ባልዲ እየደረደረች ላደረች እናት ግን የጭቃ ቤት ናፍቆት የሌላ ሰው ቅንጦት ነው። የሚያፈስ ቤት ይፍረስ፤ ሰው በክብር ይኑር። ሁለተኛው ደግሞ ፊቱ ካማረ ችግሩ አለቀ ይላል። ይህ ጀሶ ነው። የመንገድ ዳሩ ሕንፃ ቢቀባ፣ ከጀርባው ያለው ሰው ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ሲነሳ የት እንደሚሄድ፣ ዕድሩና ሥራው አብሮት ይሄድ እንደሆነ ካላወቀ ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል። በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይም ሊወጣ ይችላል፤ የጋራ ጣሪያውንና የጋራ ቧንቧውን ማን ይጠግን የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ የ1967ቱ ባለቤት አልባ ግድግዳ በአርማታ ተሠርቶ ተደገመ ማለት ነው።

ከማፍረስ በፊት ሊደረግ የሚችል ሥራ አለ፤ ውድም አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ግንባታ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የሥነ ሕንፃ ተቋም የሚገኘው በዚያው በልደታ ነው። ሜትርና ካሜራ የያዙ ተማሪዎች አንድ ነባር ቤት ለክተውና ፎቶ አንስተው ለመመዝገብ ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል። ጭቃው በስንት ጭድ ተቦካ፣ ልስኑ ምን ነበር፣ ኮርኒሱ በምን ተወጠረ፣ ማን መረገው ብለው የሚጠይቋቸው አዛውንት እስካሉ ድረስ ነው ይህ የሚሆነው። ጭቃ ማቡካት የሚያውቅ እጅ ከጠፋ በኋላ ነገ የጎንደርን ግንብ ወይም የጣናን ገዳም ግድግዳ የሚጠግነው ሰው ሲሚንቶ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሳሎኑን በተሰነጣጠቀ ቁም ሣጥን ማሳመር የሚፈልግ ሰው ያሳምር፤ ጌጥ ነውር አይደለም። ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን አዲስ ጣውላ ያየ ሰው ግን አይታለልም። የከተማ ነዋሪም አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ በጣቱ አጠፍ አድርጎ ቢያንኳኳው መልካም ነው። ባዶ ድምፅ ካሰማ፣ ከሥር ገና ያልተያያዘ ነገር አለ።